ምሳውን በልቶ የሚመጣ እንግዳ

እንደምን ዋላችሁ! የጀልባ ማኅበራት አባላት፣ አሳ አስጋሪዎች፣ አስጎብኚዎች፣ ቡና የምታፈሉ እህቶቼ፣ ከከተማው የመጣችሁ ኃላፊዎች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መርከብ ነው። ትናንት ቤት ውስጥ ስለማመድ ልጄ ሰማችኝና «አባዬ፣ ሀዋሳ ላይ ደግሞ የምን መርከብ?» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው። የእኛ ጀልባ የተወሰነ ሰው ጭኖ ጉማሬ አሳይቶ ይመለሳል፣ አለቀ። ግን ትንሽ ታገሱኝ። ዞሬ ዞሬ የምመልሳችሁ እዚሁ ሐይቃችን ዳር፣ አሞራ ገደል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ሥራ የጀመረ «አይኮን ኦፍ ዘ ሲስ» የሚባል የመዝናኛ መርከብ አለ። ርዝመቱ 365 ሜትር ነው። 20 ፎቅ አለው። ሲሞላ ወደ 7,600 መንገደኛ ይይዛል፣ ከ2,300 በላይ የሚሆነው ሠራተኛ ሳይቆጠር። መዋኛው፣ ምግብ ቤቱ፣ ቁማር ቤቱ፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ ነው። አንድ ቀበሌ ከነነዋሪው ተነስቶ ሲንሳፈፍ አስቡት።

እንዲህ ያሉ መርከቦች ጠዋት አንድ ከተማ ደርሰው ሰዉን ያራግፉና ማታ ሰብስበው ይሄዳሉ። ታዲያ ከተማዋ እጅ ላይ ምን ቀረ? መንገደኛው ቁርሱን መርከቡ ላይ በልቷል፣ እራቱም እዚያው ይጠብቀዋል፣ የሁለቱም ሂሳብ ከቤቱ ሳይወጣ ተከፍሏል። አልጋ አይዝም። ጉብኝቱን እንኳ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ከመርከቡ ነው፤ ኩባንያው የራሱን ድርሻ ቆርጦ የቀረውን ነው ለአገሬው አስጎብኚ የሚሰጠው። ስለ ኮሚሽን ለእናንተ ማስረዳት ግን ለቀባሪው አረዱት ነው የሚሆነው፣ ልለፈው።

ከዚህም የባሰ አለ። ሄይቲ ሰሜን ዳርቻ ላይ ላባዲ የሚባል ቦታ አለ። አንድ ትልቅ የመርከብ ኩባንያ ተከራይቶ፣ አጥሮ፣ ለዓመታት መንገደኞቹን እዚያ ሲያዝናና ኖሯል። ሰዎቹ ሄይቲ ወርደው፣ ዋኝተው፣ ሄይቲን ሳያዩ ይመለሱ ነበር።

ቬኒስን ሁላችሁም በፎቶ ታውቋታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1951 አሮጌው ከተማ ውስጥ 175,000 ገደማ ሰው ይኖር ነበር። በ2022 ከ50,000 በታች ወርዷል። ሁሉንም መርከብ ላይ አላላክክም፣ የቤት ኪራዩም፣ ሥራውም አለበት። ግን በሰኔ 2019 አንድ ግዙፍ መርከብ መቆም አቅቶት ወደቡንና አንዲት የቱሪስት ጀልባ ገጨ። ሰው ተጎዳ። የጣሊያን መንግሥት ትልልቆቹ መርከቦች በመሃል ከተማው ቦይ እንዳያልፉ የከለከለው ከነሐሴ 2021 ጀምሮ ነው። ነዋሪው ግን ከዚያ በፊት ዓመታት ሙሉ ሲጮህ ነበር።

እኔን ግን የበለጠ የገረመችኝ አላስካ ያለችው ጁኖ ናት። ሕዝቧ 32,000 ገደማ ነው። በ2023 ብቻ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ የመርከብ መንገደኛ መጣባት። ኪሱ የሞላ አለ፣ እንቅልፍ ያጣ አለ፣ አንዳንዱ ደግሞ ሁለቱንም ነው። በ2020 በኮቪድ ምክንያት ትልልቆቹ መርከቦች ሲቀሩ፣ በእነሱ የሚተዳደረው ነጋዴ የሚይዘውን አጣ። ስለዚህ «አትምጡብን» አላሉም። ከኩባንያዎቹ ጋር ተቀምጠው ተደራደሩ፦ ከ2024 ጀምሮ በቀን ከአምስት ትልልቅ መርከብ አይበልጥም። ከዚያም የመንገደኛውን ቁጥር ከ2026 ጀምሮ በቀን 16,000፣ ቅዳሜ 12,000 ላይ ለመወሰን ተስማሙ። «ቅዳሜ ጭራሽ ትልቅ መርከብ አይምጣብን» የሚል ሐሳብም ጥቅምት 2024 ላይ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ነበር፣ ብዙኃኑ አልተቀበለውም። እንግዲህ ተመልከቱ፣ ጎረቤትና ጎረቤት ተከራክሮ፣ ድምፅ ሰጥቶ ነው የሚወስነው። ሁልጊዜ ግን አይሳካም። ፍሎሪዳ ያለችው ኪ ዌስት በ2020 ሕዝቧ ትልልቅ መርከብ ይቅርብን ብሎ ድምፅ ሰጠ፣ በዓመቱ የክልሉ ምክር ቤት ውሳኔያቸውን በሕግ ሻረባቸው።

አሁን ወደ ቤታችን።

ባለፈው እሁድ አሞራ ገደል በር ላይ ቆሜ ነበር። ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። ውሃቸውን በካርቶን፣ ምሳቸውን በአይስቦክስ ይዘዋል። ወረዱ፣ ከአሞራዎቹ ጋር ፎቶ ተነሱ፣ ጥሬ አሳ በዳጣ የሚበላውን ሰው ቪዲዮ ቀረጹት (እሱን እንኳ አልጠየቁትም)፣ ዛፍ ሥር ምሳቸውን በሉና ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ። በሩ አጠገብ ቡና የምታፈላው እህታችን፣ ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፣ «ስንት ሸጥሽ?» ስላት «ዘጠኝ ስኒ» አለችኝ። ከሁለት አውቶቡስ ሰው ዘጠኝ ስኒ! ባዶውን ሃይላንድ የለቀሙት የሰፈር ልጆች ናቸው፣ ሁለት ማዳበሪያ ሞላላቸው።

ሰዎቹን እየወቀስኩ አይደለም። ወገኖቻችን ናቸው፣ ገንዘባቸውን ቆጥበው ነው የመጡት። እኔም በአስጎብኚነት ዘመኔ ኮሚሽን የሚከፍለኝ ቤት ብቻ እንግዳ እየወሰድኩ፣ እናንተን በመስኮት እያሳየሁ ያለፍኩባቸው ቀኖች አሉ። ይቅር በሉኝ።

ግን አንድ ነገር አስቡ። ባሕር ዳርቻ ላይ ያሉት ከተሞች ቆሻሻውን ሞገድ ይወስድላቸዋል፣ ቢያንስ ከዓይናቸው ያርቅላቸዋል። የእኛ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ከጀልባው ሞተር የምትንጠባጠበው ነዳጅ፣ ዛፍ ሥር የቀረችው ፌስታል፣ ከሆቴሉ ቱቦ የሚለቀቀው፣ ሁሉም እዚሁ ነው የሚቀረው። ቆሮሶውም አምባዛውም የሚኖረው እዚያ ውስጥ ነው፣ ነገ ደግሞ የእኛ ሳህን ላይ ነው።

ስለዚህ እንግዳ ይብዛልን ብለን ብቻ አንለምን። የአውቶቡስ ማቆሚያ ክፍያ ይኑር፣ ገንዘቡም ለቆሻሻ ማንሻው ይዋል። ቡድን ይዞ የሚመጣ ድርጅት ቢያንስ ከእኛ ጀልባ ወይም ከእኛ አስጎብኚ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር። እናንተ ባለጀልባዎችም ዋጋ በመሰባበር እርስ በርስ መበላላቱን ተዉት፣ ስለ ሞተራችሁ ደግሞ ለብቻ እንነጋገራለን፣ አንዳንዱ የሚያጨሰው ከወፍጮ ቤት ይብሳል።

ከኃላፊዎቹ ጋር ለመነጋገር መጀመሪያ ቁጥር ያስፈልገናል። ጁኖዎች ስንት መርከብ፣ ስንት ሰው ብለው የተደራደሩት ቆጥረው ነው። እኛ አሁን የያዝነው «ዘጠኝ ስኒ» የሚለውን ብቻ ነው። ይኸው ደብተር ገዝቼ መጥቻለሁ። ከሚቀጥለው እሁድ ጀምሮ ለሦስት ወር፣ ስንት መኪና ገባ፣ ስንት ሰው ጀልባ ተሳፈረ፣ ስንቱ አሳ በላ፣ ስንቱ ሀዋሳ አደረ፣ በየተራ እንጻፍ። የመጀመሪያውን እሁድ እኔ እይዛለሁ። ሁለተኛውን ማን ይያዝ?