ስልኩን አትዝጉ፤ ያላችሁበትን ተናገሩ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ለዚህ ሳምንት ጥያቄዎች መልስ የሰጡን በአምቡላንስ ላይ ለብዙ ዓመታት የሠሩ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ናቸው።

ከካዛንቺስ፦ ስልኬ ላይ ሒሳብ ከሌለኝ አምቡላንስ መጥራት እችላለሁ?

ይችላሉ። 907 ለአምቡላንስ፣ 939 ለእሳት አደጋ፣ 991 ለፖሊስ፤ ሦስቱም ነጻ ናቸው።

ከፒያሳ፦ የስልክ ዋጋ ስለከበደን እናቴን ሲያማት ለወንድሜ ሚስድ ኮል አደርጋለሁ። እሱ ነው አምቡላንስ የሚጠራው። ጥፋት አለው?

አለው፣ እህቴ። ወንድምሽ «ትተነፍሳለች? ላብ አላት?» ተብሎ ሲጠየቅ ምን ይመልሳል? በሽተኛዋ አጠገብ ያለ ሰው ይደውል። መስመሩ ነጻ ነውና ሒሳብ ይቆጥባል ብለሽ ስልኩን አትዝጊ። መጀመሪያ ያላችሁበትን ተናገሪ፤ ቢቋረጥ እንኳ መኪናው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

ከአምባሳደር፦ የኢንተርኔት ጥቅሌ ሲያልቅ ሒሳቤ በአንድ ሌሊት ይሟጠጣል። ለምን?

ጥቅሉ ሲያልቅ ዳታው ክፍት ከሆነ ከዋናው ሒሳብ ላይ ይቆርጣል። ማታ ዝጉት። ዝርዝሩን 994 ደውለው ይጠይቁ፤ እኔ የስልክ ባለሙያ አይደለሁም።

ከኡራኤል፣ የታክሲ ሹፌር፦ መኪና የገጨው ልጅ ወድቆ አገኘን። መንገዱ ተጨናንቆ ስለነበር አራት ሆነን አንስተን የኋላ ወንበር ላይ አስተኛነው። ትክክል አድርገናል?

ሮጣችሁ መድረሳችሁ ያስመሰግናችኋል። አነሳሳችሁ ግን ያስፈራኛል፤ ሳላየው የሚያልፍ ሳምንት የለም። አንዱ በብብት፣ አንዱ በእግር ይዞ ብድግ ሲያደርጉት አንገት ወደ ኋላ ይንጠለጠላል። ተሰብሮ ባለበት የነበረ የአንገት አጥንት ያን ጊዜ በውስጡ የሚያልፈውን የነርቭ ገመድ፣ ኅብለ ሰረሰሩን፣ ይጎዳል፤ እግሩን ያንቀሳቅስ የነበረ ልጅ ሆስፒታል ሲደርስ አያንቀሳቅስም። እሳት ወይም የሚመጣ መኪና ካላስገደዳችሁ አታንሱት! አንድ ሰው ራስጌው ተንበርክኮ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ባለበት ይያዝለት። ደም ከፈሰሰ በነጠላም በሸሚዝም ቁስሉን ጫን አድርጋችሁ ያዙ፤ ቆመ ወይ እያላችሁ አትግለጡት። ውኃ አታጠጡት። ራሱን ከሳተ ውኃው ወደ ሳንባው ይገባል፤ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገው ደግሞ ሆዱ ባዶ ቢሆን ይሻላል።

አምቡላንስ አይደርስም ብላችሁ ነው፤ ይገባኛል። ማታ 11 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ዙሪያ ሳይረኑ ይጮሃል እንጂ መኪናው ፈቅ አይልም። መንገድ ሲታቀድ ለአምቡላንስ መተላለፊያ ሊታሰብለት ይገባ ነበር፤ ይህን ለሚመለከታቸው ሁሉ መናገር አላቆምኩም፣ አላቆምምም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ሐዲዱ መሬት ለመሬት በሚሄድበት ሁሉ መንገዱ ለሁለት ተከፍሏል። ስለዚህ «ኡራኤል ነን» አይበቃም። «ኡራኤል፣ ወደ መገናኛ በሚወስደው ጎን» በሉ። በሌላው ጎን የመጣ አምቡላንስ ቁስለኛውን በሐዲዱ አጥር ማዶ እያየው አልፎ፣ ዞሮ ለመምጣት እንደገና መኪና ሰልፍ ውስጥ ይገባል። ስልኩንም አትዝጉ።

አምቡላንስ እንደሌለ ከተነገራችሁ ብቻ፣ ጠንካራ ሰሌዳ ፈልጋችሁ ጭንቅላቱ፣ አንገቱና ወገቡ ሳይጣመም በአንድ ላይ አንሱት።

ከሜክሲኮ፦ አምቡላንስ ከኋላዬ ሲመጣ ምን ላድርግ?

ወደ ቀኝ ጠጋ ብለው ያሳልፉት። ካለፈ በኋላ ደግሞ ተከትለውት አይሩጡ።

ከአራት ኪሎ፦ አባቴ ዳገት ሲወጣ ደረቱን ጭምቅ ያደርገዋል፤ ሲያርፍ ይተወዋል። ምን ልስጠው?

ምንም አትስጪው። ይህ የልብ ደም ሥር መጥበብ ሊሆን ይችላል፤ ነገ ሳትዪ ሐኪም ጋር ውሰጂው። ቁጭ ብሎ እያለ ካመመው ወይም አርፎም ካልተወው 907 ደውዪ፤ ቤታችሁ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም ትምህርት ቤት አጠገብ እንደሆነ አስቀድመሽ ተናገሪ።