ለጥቂት የተረፈች አገር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ በተለይም እዚሁ ሞንትሪያል ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ልጆቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1995 ፈረንሳይኛ ተናጋሪዋ የካናዳ ፕሮቪንስ ኬቤክ ሉዓላዊት ትሁን ወይስ አትሁን ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ፣ እምቢ ያለው 50.58 በመቶ ነበር። ካናዳ የተረፈችው ከ55 ሺህ ባነሰ ድምፅ ነው። በዚያው ሌሊት የኬቤኩ መሪ ዣክ ፓሪዞ መድረክ ላይ ወጥተው፣ የተሸነፍነው በገንዘብና በመጤ ማኅበረሰቦች ድምፅ ነው አሉ። እኛንም ጨምረው ማለታቸው ነው። ያስቆጣል። ቁጣችን ግን የእነሱን ቅሬታ እንዳናይ እንዲጋርደን አልፈልግም።

ቅሬታው እውነተኛ ነውና። በ1982 ሕገ መንግሥቱ ከለንደን እጅ ወጥቶ አገር ቤት ሲገባ ዘጠኝ ፕሮቪንሶች ሲስማሙ ኬቤክ አልተስማማችም። እስከ ዛሬም አልፈረመችበትም፤ ግን ትዳደርበታለች። ይህን ለመጠገን በ1987 በሚች ሌክ አሥሩም የፕሮቪንስ መሪዎች ኬቤክ «የተለየች ማኅበረሰብ» መሆኗን ለመቀበል ተስማሙ። ለማጽደቅ የተሰጠው ሦስት ዓመት ሊያልቅ ሲል፣ በማኒቶባ ፕሮቪንስ ምክር ቤት ከነባር ሕዝቦች የሆኑት ኤላይጃ ሃርፐር የንስር ላባ በእጃቸው ይዘው ተገኙ። ጉዳዩ ቶሎ እንዲታይ የሁሉም አባላት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። እሳቸው በተጠየቁ ቁጥር «አይሆንም» አሉ። ነባር ሕዝቦች ሳይጠየቁ የአገር ውል አይታሰርም ነው ነገሩ። ኒውፋውንድላንድም ሳታጸድቀው ቀረች፤ ስምምነቱ ከሸፈ። እኔ ሃርፐር ልክ ነበሩ ባይ ነኝ። የኬቤክም ማዘን ልክ ነበር።

እኔን የሚያሳርፈኝ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 የሰጠው ብያኔ ነው። ኬቤክ በራሷ ፈቃድ ብቻ መገንጠል አትችልም አለ። ሕዝቧ ለግልጽ ጥያቄ በግልጽ አብላጫ ድምፅ ልሂድ ካለ ግን የቀሩት ተቀምጠው የመደራደር ግዴታ አለባቸው። በር ዘግቶ ማስቀረትም፣ በር በርግዶ መውጣትም ተከለከለ።

የእኛ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ የዋለው በዚያው በ1995፣ በኦገስት ወር ነው። አንቀጽ 39 መብቱን እስከ መገንጠል ድረስ ከነሥርዓቱ ጽፎታል። በ2020 ግን ልዩነታችን ወደ ጦርነት አመራ። ይህን የማነሣው በቁስል ላይ እንጨት ለመስደድ አይደለም። ሁሉም ወገን የሚያምነው፣ ተቀመጡና ተደራደሩ ሲል የሚሰማ ዳኛ አጥተን ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወደ ኬቤክ ልመለስ። ፈረንሳይኛን መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ልጆቻችን አጥርተው ይማሩት። ነገር ግን ሃይማኖታዊ ምልክት ማድረግን በሚከለክለው በ2019ኙ ሕግ 21 ምክንያት ሂጃብ የምታደርግ ልጃችን በመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆና መቀጠር አትችልም። መንግሥት ሕጉን ከፍርድ ቤት ለመከለል የመዘዘው የካናዳን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33ን ነው፤ አንዳንድ የዜጎችን መሠረታዊ መብቶች ለአምስት ዓመት ወደ ጎን ለማለት የሚፈቅደውን፣ ሲያልቅም የሚታደሰውን። ይህ ቋንቋ መጠበቅ አይደለም።

እጩዎች ደጃችሁን ሲያንኳኩ ይህን አንቀጽ እንደገና ትጠቀሙበታላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቋቸው። በፈረንሳይኛ ጠይቋቸው።

አመሰግናለሁ።