ፊቱን አጠቆረብኝ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ ስለ ፊት ላወራችሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ ፊቱን አጠቆረብኝ። እያወራሁት ግንባሩን ቋጥሮ፣ ዓይኑን አጥብቦ ያየኛል። «ምን አጥፍቼ ይሆን?» ስል አደርኩ። በነጋታው ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? መነጽሩን ረስቶ ወጥቶ ነው ለካ! ፊቴ ደብዝዞበት ነበር።

እኔ ደግሞ ሰው አውቃለሁ ባይ ነበርኩ።

«ጥርስ ባዳ ነው» እንል የለ? ዱሼን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1862 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ተመሳሳይ ነገር ብሏል። የሰው ፊት ላይ ኤሌክትሪክ እያስነካ ጡንቻዎቹን አንድ በአንድ ሞከረ። ከንፈር ለፈቃድ ይታዘዛል፣ በዓይን ዙሪያ ያለው ጡንቻ ግን የሚነሳው ከልብ ሲስቁ ነው አለ። በኋላ እሱንም ማስመሰል የሚችል ብዙ ሰው ተገኘ። እኛ ሰዎች መቼም!

ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ፖል ኤክማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ሄደ። ከውጭው ዓለም ብዙም ላልተገናኙት የፎሬ ሰዎች አጭር ታሪክ እየተነገራቸው፣ ለምሳሌ «ልጁ ሞተበት» እየተባሉ፣ የሚስማማውን ፎቶ እንዲመርጡ ተደረገ። አብዛኛውን አገኙት። ፍርሃትንና መገረምን ግን ይቀላቅሉ ነበር። በነገራችን ላይ ፎቶዎቹ የተመረጡት ስሜቱ ጎልቶ እንዲታይባቸው ነው። በኑሯችን ውስጥ ስንቱ ነው እንደዚያ ቁልጭ ያለ ፊት የሚያሳየን? አለቃው ፊት ሲናደድ ፈገግ የሚል አለ።

እኔን ያስደነገጠኝ በፈረንጆቹ 2012 የወጣ ጥናት ነው። ነጥብ ያገኙና ነጥብ ያጡ የቴኒስ ተጫዋቾች ፎቶ ለሰዎች ታየ። ፊት ብቻ ተቆርጦ ሲቀርብ ማን እንደቀናው መለየት አቃታቸው። ፊቱ ተሸፍኖ አካሉ ብቻ ሲታይ ግን ለዩ። ሙሉውን ፎቶ ያዩትስ? ከፊቱ ነው ያወቅነው አሉ! ፊቱ ምንም ሳይነግራቸው።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ ያን ቀን መልሼ አሰብኩት። ጓደኛዬ ወንበሩን ሁለት ጊዜ ወደ እኔ ስቧል። ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ተጠግቶኝ ነበር። የተቆጣ ሰው እንዲህ ይጠጋል? እኔ እንደሆንኩ ግንባሩ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ።