ከቀሃ ማዶ፦ የአዲስ ዓለም ሰፈርና የጎንደር እሳት

(ምስል፦ ከፒያሳ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ፣ ማለዳ)

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? የጎንደር ነገር ሲነሳ ሁሌም ቀድሞ የሚመጣው ግንቡ ነው። ዛሬ ግንቡን ከላይ እንተወውና ቁልቁል ወደ ሙስሊሙ ሰፈር፣ ወደ አዲስ ዓለም እንውረድ። የድሮ ሰው እስላም ቤት ይለው ነበር። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

አዲስ ዓለም የመጤ ሰፈር ነው ይባላል። እስቲ ቆይ! ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 ነው። ካህኑም፣ ወታደሩም፣ ነጋዴውም ከሌላ አገር የመጣ ነው። ታዲያ አንዱ ባለአገር፣ ሌላው መጤ ሆኖ የቀረው እንዴት ነው?

በአዋጅ ነው። በ1668 ቀዳማዊ ዮሐንስ ጉባኤ ሰበሰቡ። ሙስሊሙና ቤተ እስራኤሉ ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲኖር ተወሰነ። ከአሥር ዓመት በኋላ ውሳኔው እንደገና ጸና። ሙስሊሙ ወደ ታች፣ ወደ ቀሃ ወንዝ ወረደ።

(ምስል፦ የቀሃ ወንዝ)

ሰፈሩ ግን ሥራ ፈት አልነበረም። ነጋዴዎቹ እስከ ስናርና እስከ ምጽዋ ይሄዱ ነበር። የባሪያ ንግድም ነበረበት፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ባሪያውን ቤቱ የሚያሳድረው ግን የላይኛው ከተማም ሰው ነበር።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ ከቀሃ ማዶ አንድ ሺህ ያህል ቤት ያለበት የሙስሊም ከተማ እንዳየ ጽፏል። የሰፈሩ ሰዎች የንጉሡንና የመኳንንቱን ድንኳን ይተክላሉ፣ ይነቅላሉ፤ በቅሎ ይጭናሉ፣ ይነዳሉ። በጦርነቱ ግን አይዋጉም። አይፈቀድላቸውም፤ እነሱም አይፈልጉም። ይህቺን ነገር ሳስብ ልቤ ይነካል። በየዘመቻው አብረው ይጓዛሉ፣ ድንኳኑን ይሸከማሉ፣ እጃቸውን ግን ከደም ይጠብቃሉ።

ደሙ ያለው ላይ ከተማ ነበር። በዚያው ዘመን በንጉሡ ስም አገር ይገዙ የነበሩት ራስ ሚካኤል ስሑል ያስገደሏቸው ሰዎች ሬሳ ሳይቀበር ጎዳና ላይ ይጣል ነበር። ማታ ጅብ ከተራራ ይወርዳል። ብሩስ በጨለማ ወደ ቤቱ ሲመለስ ጅቡን ይፈራ ነበር።

እጨጌ ቤት የሚባለው፣ የመነኮሳቱ አለቃ የእጨጌው ሰፈር ደግሞ መማጸኛ ነበር። እዚያ የገባ አይነካም። ወታደር መጣ ሲባል ባለሀብቱ ንብረቱን ወደዚያ ያሸሻል። በዘመነ መሳፍንት ለከተማው ሰው ትልቁ ዘራፊ ሽፍታ ብቻ አልነበረም፤ ደመወዝ የሌለው ወታደርም ነበር።

ከዚያ እሳቱ መጣ። በ1866 አፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን ዘረፉ፣ አቃጠሉ። አብያተ ክርስቲያናቱ እንኳ አልተማሩም። በ1878፣ ከቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ሙስሊሙ እንዲጠመቅ አዘዙ። ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደደ። በ1888 ደግሞ ደርቡሾች ከሱዳን መጡ። ከተማዋ እንደገና ነደደች፤ ሕዝቡም ተማርኮ ተወሰደ።

ልብ በሉ፤ ከነዚህ አንዱንም ያመጣው የሰፈር ጎረምሳ አይደለም። አዋጁም ችቦውም የመጣው ከሰፈሩ ውጭ ነው። ለዚህ ነው «ያ ሰፈር እኮ ድሮም የጠብ ሰፈር ነው» ሲባል የሚያመኝ።

(ምስል፦ የአዲስ ዓለም መንገድ፣ ሱቆች ሲከፈቱ)

ቀሪው የሩቅ ታሪክ አይደለም። በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 2014፣ ጎንደር ውስጥ የአንድ የተከበሩ የሙስሊም አባት ቀብር ላይ ግጭት ተነሳ። የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ሱቅና መስጊድ ተጎዳ። መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ይዋሰናል። ጠቡ የተነሳው ለቀብሩ በሚነሳ ድንጋይ ነው ተባለ። በሁለቱ መካከል ያለ፣ ማንም ሊያነሳው የሚችል ተራ ድንጋይ።