ሳልበላ አድሬ ስኳሬ ለምን ከፍ አለ?

እንዴት ሰነበታችሁ! የዛሬው ወሬ ጣታችሁን ወግታችሁ ቤት ውስጥ ስለምታዩት ቁጥር ነው። «ስኳር ሊጀምረኝ ነው መሰል» እያላችሁ እንቅልፍ ላጣችሁ ማለቴ ነው፤ መድኃኒት የጀመራችሁት ሐኪማችሁ ያላችሁን ያዙ። እኔም አንድ ሰሞን እንቅልፍ አጥቻለሁ። በአንድ ጠዋት አምስት ጊዜ ተወጋሁ፣ አምስት ጊዜ የተለያየ ቁጥር አየሁ። አምስት! ስትሪፑ (ደሙን የምታስነኩት፣ ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ቁራጭ) ደግሞ በነፃ አይሰጥም።

እሺ፣ አንዲት እናት የላኩልኝን መልእክት ልንገራችሁ። «ጾም ነው፤ ከትናንት ማታ 2 ሰዓት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም። 9 ሰዓት ላይ ብለካው 112 አለኝ። ካልበላሁ ስኳሩ ከየት ይመጣል? ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ልጥለው ነው» ይላሉ። እንዲህ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ዛሬ ስለ ስትሪፕ አያያዝ ላወራ ነበር የተዘጋጀሁት፤ ይቅር፣ በዚሁ እንሂድ።

እስቲ ባሕር ዳር እንውረድ። ወሩ የካቲት ነው እንበል። ጠብታ ዝናብ የለም፣ ሣሩ ደርቋል፣ አቧራው ዓይን ያጠፋል። ዓባይ ግን ይሄዳል። ዝናብ ሳይኖር ውሃው ከየት መጣ? ከጣና ነዋ! ጣና ክረምቱን የጠጣውን በበጋ ይለቃል። እንዳሻው ግን አይለቅም፤ ጨራጨራ ላይ መውጫው በር አለው፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

አሁን ወደ ሰውነታችን እንምጣ። ዝናቡ ምግብ ነው። ዓባይ ደማችሁ ነው። ጣና ጉበታችሁ ነው፤ ስትበሉ ስኳር ያጠራቅማል፣ ስትጾሙ ይለቃል፣ ሲያልቅበት ራሱ ይሠራል። ባይለቅማ ኖሮ አንጎላችን ሌሊቱን በምን ያድር ነበር? በረኛው ደግሞ ከቆሽት የሚመጣው ኢንሱሊን ነው። በረኛው ሲደክም፣ ወይም ጉበት አልሰማ ሲለው፣ በሩ በደንብ አይዘጋም። ስለዚህ ሳትበሉም ከፍ ይላል። ንጋት ላይ ደግሞ ሰውነት ሊነሣ ሲዘጋጅ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች በሩን ገፋ ያደርጉታል። እማማ፣ ማሽኑን አይጣሉት!

(ይህን የጣና ነገር የወደዳችሁ ቻናሉን ሰብስክራይብ አድርጉ፤ ለጎረቤትም አጋሩ።)

ቁጥሮቹን ቶሎ ቶሎ ልበላችሁ፣ ታውቋቸዋላችሁ። ቢያንስ 8 ሰዓት ሳትበሉ ከ100 በታች ደህና ነው። ከ100 እስከ 125 መሃል ሰፋሪ ነው፣ ቅድመ ስኳር የሚሉት። የዓለም ጤና ድርጅት መሃሉን ከ110 ነው የሚጀምረው፤ ስለዚህ ሁለት ሐኪም ሁለት ነገር ቢላችሁ አትጣሉ። 126 እና ከዚያ በላይ፣ በላቦራቶሪ፣ ምልክት ለሌለው ሰው በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ፣ ስኳር በሽታ ይባላል። ማሽናችሁ በሌላው መለኪያ (mmol/L) የሚቆጥር ሆኖ 6.2 ምናምን ካለ በ18 አባዙት።

በላቦራቶሪ ያልኩት በምክንያት ነው። ደረጃውን ያሟላ የቤት መለኪያ እንኳ ከ100 በላይ ሲሆን 15 በመቶ ወዲያ ወዲህ ማለት ተፈቅዶለታል። እውነተኛው 112 ከሆነ 96ም 128ም ሊያሳይ ይችላል ማለት ነው። የኔ አምስት ቁጥርም ምሥጢሩ ይኸው ነው። አንደኛውማ የባሰ ነበር፦ ማንጎ ልጬ እጄን ሳልታጠብ! ማሽኑ የለካው ማንጎውን ነው። በሳሙና ታጠቡ፣ አድርቁ፣ ከዚያ ውጉ። በነገራችን ላይ ማርም ስኳር ነው። የጎጃም ማር ቢሆንም ስኳር ነው። አትቆጡኝ።

ሌላው ኤዋንሲ (HbA1c) የሚባለው የደም ምርመራ ነው። ክረምት አልፎ ዓባይ ሲጎድል ዳርቻው ላይ ደለሉ የተወውን መስመር አይታችኋል? ወንዙን በክረምት ባታዩትም እስከ የት እንደሞላ መስመሩ ይነግራችኋል። ኤዋንሲም እንደዚያ ያለፈውን ይነግራችኋል፤ ግን ከፍተኛውን ሳይሆን ወደ 3 ወር የሚጠጋውን የስኳራችሁን አማካይ ያሳያል። 6.5 በመቶ እና ከዚያ በላይ የስኳር በሽታ ወሰን ነው። ደም ማነስ ካለባችሁ ግን መስመሩ ሊያሳስት ስለሚችል ቀድማችሁ ተናገሩ።

ውሃ ጥም ከያዛችሁ፣ ሽንት ከበዛ፣ ክብደት ከቀነሰና ማሽኑ ከ200 በላይ ካለ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።

እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ለአንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ ይለኩና ቀኑንና ሰዓቱን ደብተር ላይ ይጻፉ። ደብተሩን ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱና ደም ከክንድዎ ይቀዱ። ከማሽኑ ጋር ያስታርቋችኋል።