ውስጥ እግራችንን ማን ያየዋል?

ለውበት ሳሎን ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር

እንደምን አደራችሁ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ። በሥራ ቀን ሳሎን ዘግቶ መምጣት የአንድ ቀን ገቢ ማጣት እንደሆነ አውቃለሁ። ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

እኔ የቆዳ ሐኪም ነኝ። የመጣሁት እርዳታችሁን ፈልጌ ነው። እናንተ በየቀኑ የምታዩት፣ እኔ ግን ብዙውን ጊዜ በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ የማየው የሰው አካል አለ። ውስጥ እግር። የእግር ጣቶች መሀል። ጥፍር። የራስ ቆዳ። ሰው ፊቱን በቀን ስንት ጊዜ በመስታወት ያያል። ውስጥ እግሩን መቼ እንዳየው ብትጠይቁት ግን አያስታውስም።

ድሮ ማታ ማታ ልጅ የአባቱን፣ የእናቱን፣ የእንግዳውን እግር ያጥብ ነበር። አጥቦ፣ አሽቶ፣ ስሞ ይነሳል። ቁስል ካለ፣ እሾህ ካለ ያኔ ይታያል። ዛሬ በከተማ ሻወር ውስጥ ቆመን ውኃው ወርዶ እንዲያጥበው እንተወዋለን። የዚያን እግር አጣቢ ቦታ አሁን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ። ፔዲኪዩር የሚሠራ ሰው የደንበኛውን እግር በእጁ ይዞ፣ በደማቅ መብራት፣ ረጋ ብሎ ያያል። እኔ ክሊኒክ ውስጥ፣ ወረፋው በር ላይ ተሰልፎ እያለ፣ እንዲህ ያለ ጊዜ የለኝም።

የቆዳ ካንሰር ሲባል ብዙዎቻችን «የፈረንጅ በሽታ ነው» እንላለን። ግማሽ እውነት ነው። ሜላኖማ የሚባለው አደገኛው የቆዳ ካንሰር ነጭ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ እጅግ ይበዛል። ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን እኛን ከፀሐይ ጨረር በደንብ ይጠብቀናል። ነገር ግን ጥቁር ሰውን የሚይዘው ሜላኖማ በአብዛኛው ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ አይወጣም። የሚወጣው ውስጥ እግር ላይ፣ መዳፍ ላይ፣ ጥፍር ሥር ነው። አክራል ሜላኖማ ይባላል። ዋና መንስኤው ፀሐይ ስላልሆነ የፀሐይ ክሬም አያስቀረውም። ያለን መላ በጊዜ ማየት ነው።

ሁላችሁም የምታውቁትን ሰው ላንሳ። ቦብ ማርሊ። አገራችን ድረስ መጥቶ ሻሸመኔን አይቷል። ሊሞት ወራት ሲቀሩት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተብሏል። ምን እንደገደለው ግን ብዙ ሰው አያውቅም። በ1977 እ.ኤ.አ. የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ ተገኘበት። መጀመሪያ የእግር ኳስ ጉዳት ነበር የመሰለው። ሐኪሞች ጣቱ እንዲቆረጥ መከሩት። በእምነቱ ምክንያት አልተቀበለም። ጥፍሩና ሥሩ ያለው ሥጋ ተነሥቶ ከሌላ የሰውነቱ ክፍል ቆዳ ተለጠፈበት። ካንሰሩ ግን ተሰራጨ። በ1981 እ.ኤ.አ. ማያሚ ውስጥ በ36 ዓመቱ አረፈ። ጥፍር ሥር ያለ ጥቁር ነገር ሁሉ የኳስ ምት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ታሪክ አላውቅም።

ጥፍር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው የእናንተ ሥራ ነውና።

ጥቁር ሰው ጥፍር ላይ ከሥሩ እስከ ጫፉ የሚሄድ ቡናማ ወይም ጥቁር መስመር በጣም የተለመደ ነው። ብዙ ጥፍሮች ላይ ካለ፣ ቀጭን ከሆነና ለዓመታት ካልተለወጠ አብዛኛውን ጊዜ ተፈጥሮ ነው። ደንበኛችሁን አታስደንግጡ። ዓይናችሁን መያዝ ያለበት አንድ ጥፍር ላይ ብቻ፣ በተለይ አውራ ጣት ላይ፣ አዲስ የወጣ መስመር ነው። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ የሰፋ ከሆነ፣ ወይም ከሥሩ ሰፍቶ ወደ ጫፉ የሚጠብ ከሆነ፣ ወይም ጥፍሩን ከሰነጠቀው ነገሩ ይጠነክራል። ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ዙሪያው ያለውን ቆዳ ከነካ ደግሞ ያ ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ መሄድ አለበት። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆናታን ሃቺንሰን ይህን የጻፈው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ምልክቱ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

«በር መቶኝ ነው» የሚል ደንበኛ ይመጣል። ሊሆን ይችላል። የረጋ ደም ከጥፍሩ ጋር አብሮ ወደ ፊት ይሄዳል። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፤ የእግር ጥፍር የዚያን ግማሽ ያህል። እንግዲህ ደንበኛዋ ከሁለት ወር በኋላ ስትመለስ ከሥሩ ንጹሕ ጥፍር ብቅ ካለ ደም ነበር ማለት ነው። ጥቁሩ ከሥሩ ሳይላቀቅ ከቀጠለ ግን ምቱን አትመኑት። ይህን ለውጥ ለማየት ከእናንተ የተሻለ ቦታ ላይ ያለ ሰው የለም። ደንበኛዋ ጄል በጄል ላይ እያስደረበች ዓመት ከሞላት ግን ማንም አያየውም። ስለዚህ የድሮውን ቀለም ስታነሱ፣ አዲሱን ከመቀባታችሁ በፊት፣ ባዶውን ጥፍር አንድ አፍታ እዩት። ሙሽራዋም እንሶስላ ከመሞቋ በፊት መዳፏንና ጥፍሯን እዩ።

ውስጥ እግር ላይ የሚወጣው ይበልጥ ያሳስታል። ኮርን፣ ማለትም ጫማ ሲጫነው የሚደድር ቆዳ፣ ይመስላል። ኪንታሮት ይመስላል። ጫማ የላጠው ቁስል ይመስላል። «እሾህ ወግቶኝ ነው» ይባላል፤ ቅባት ይቀባል፤ ወራት ያልፋሉ። ሰውዬው እኛ ጋ ሲደርስ ብሽሽቱ ያበጠ ከሆነ በሽታው ከእግሩ አልፎ የመሄዱ ምልክት ሊሆን ይችላል። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ያ እግር እኮ በዚያ ሁሉ ጊዜ ካልሲ ገብቷል፣ ታጥቧል፣ ምናልባትም ፔዲኪዩር ተሠርቶለታል።

ልብ በሉ፣ ብዙዎቻችን ውስጥ እግራችን ላይ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች አሉን። ይህም ተፈጥሮ ነው። የማይታለፈው የሚያድግ፣ ዳሩ የተዘበራረቀ፣ አንድ ቦታ ቡናማ ሌላ ቦታ ድቅድቅ ጥቁር የሆነ፣ የሚደማ ነገር ነው። ሁለት ወር ሞልቶት ያልዳነ የእግር ቁስልም እንዲሁ። ደግሞ ሜላኖማ ሁልጊዜ ጥቁር አይደለም። እንደ ቀይ ሥጋ የሚመስል አለ። የድሮ የእሳት ጠባሳ ከዓመታት በኋላ ቆስሎ አልድን ካለም አሳዩ፤ ሌላ ዓይነት የቆዳ ካንሰር እንዲህ ባለ ጠባሳ ላይ ይነሣል።

አሁን ፊትና ገላ ላይ ወዳሉት፣ «ማርያም ስማኝ ነው» ወደምንላቸው ነጥቦች ልምጣ። እዚህ ላይ ያለው ችግር ተቃራኒው ነው። ሰዉ ከሚገባው በላይ ይጨነቃል። ስልኩን ይከፍታል፣ ፎቶ ያያል፣ አብዛኛው የነጭ ሰው ቆዳ ነው፤ ከራሱ ጋር ያነጻጽራል፣ ሌሊቱን ሳይተኛ ያድራል። በተለይ ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ምርመራ ሄደው «ያልተለመደ ነጥብ አለብሽ፣ እንከታተለዋለን» ሲባሉ ካንሰር የተባሉ ያህል ይደነግጣሉ። እዚህ ላለች እህታቸው ደውለው ያለቅሳሉ።

እውነቱ ይህ ነው። ያልተለመደ የሚባለው ነጥብ ከሌሎቹ ተለቅ ያለ፣ ዳሩ የደበዘዘ፣ ቀለሙ የተቀላቀለ ነጥብ ነው። ካንሰር አይደለም። አብዛኛው ዕድሜ ልኩን ካንሰር ሳይሆን ይኖራል። እንዲያውም ከሜላኖማዎች አብዛኞቹ የሚነሡት ቀድሞ ከነበረ ነጥብ ሳይሆን ምንም ካልነበረበት ንጹሕ ቆዳ ላይ ነው። ስለዚህ «እንዳይመጣብኝ» ብሎ ነጥቦችን ሁሉ አስቆርጦ መጨረስ ትርጉም የለውም። ይሁን እንጂ እንዲህ ዓይነት ነጥቦች የበዙበት ሰው፣ በተለይ ከቤተሰቡ ሜላኖማ የያዘው ካለ፣ ሥጋቱ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል። «እንከታተለው» የሚባለው ለዚህ ነው። ሐኪሙ አጉልቶ በሚያሳይ ደርሞስኮፕ ያየዋል፣ ፎቶ ያነሣዋል፣ ከወራት በኋላ ያመዛዝናል። ችላ ማለት ሳይሆን ሥራ ነው።

ቤት ውስጥም መከታተል ይቻላል። ነጥቡን በቀን ብርሃን፣ አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጦ፣ በስልክ ፎቶ ማንሣት። ከሦስት ወር በኋላ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ብርሃን ደግሞ ማንሣት። በየቀኑ ማየት ጥቅም የለውም፤ በየቀኑ የሚያየው ሰው ለውጡን ይለምደዋል፣ ጭንቀቱም አይለቀውም። የምንፈልገው ሁለቱ ግማሾቹ የማይመሳሰሉ፣ ዳሩ የተቦጫጨቀ፣ ቀለሙ የበዛ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር የበለጠ፣ ማለትም ከእርሳስ ጫፍ ላጲስ የሚሰፋ ነጥብ ነው። እነዚህ መለኪያዎች በ1985 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ሐኪሞች የወጡ ናቸው። ኋላ ላይ የተጨመረው ግን በእኔ እይታ ከሁሉም ይበልጣል፤ ለውጥ። ሌላም አለ። በበጎች መንጋ መሀል አንዲት ፍየል ወዲያው ትለያለች። የአንድ ሰው ነጥቦች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ ከሁሉም የተለየችውን አንዷን አሳዩ።

በአልቢኒዝም ስለሚኖሩ ወገኖቻችን ሳልናገር ብወርድ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። ለእነሱ ከላይ ስለ ፀሐይ ያልኩት ሁሉ ይገለበጣል። ከፀሐይ የሚጠብቃቸው ሜላኒን በጣም ትንሽ ነው ወይም ጨርሶ የለም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍ ባልን ቁጥር ጨረሩ ይበረታል። ፊታቸው፣ ጆሯቸው፣ ከንፈራቸው፣ አንገታቸው ላይ በወጣትነታቸው ካንሰር ሊወጣ ይችላል። ለእነሱ የፀሐይ ክሬም መድኃኒት ነው፤ እንደ መዋቢያ መታየት የለበትም። ሰፊ ባርኔጣና ረጅም እጅጌም እንዲሁ። ጸጉራቸውን ስትሠሩ የማይድን ቁስል ወይም ሻካራ ቅርፊት ካያችሁ በፍቅር ንገሯቸው።

አሁን የምለምናችሁ ነገር። ነጥብ አትቁረጡ። በፈረስ ጭራ አትቋጥሩ። በአሲድ አታቃጥሉ። በሌዘርም ቢሆን ሐኪም ያላየውን አታንሡ። ዘመናዊ መሣሪያ መሆኑ ለውጥ አያመጣም። የተቃጠለ ነጥብ ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ሄዶ በማይክሮስኮፕ አይታይም። ካንሰር ከነበረ ላዩ ይጠፋና ሥሩ ይቀራል። ጠባሳው ደግሞ የቀረውን ይሸፍነዋል።

«ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚለውም ብዙ ሰው ጎድቷል። ለምርመራ ናሙና መውሰድ ሜላኖማን አያሰራጭም። የሚያሰራጨው ጊዜ ነው። የሜላኖማ ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው በጥልቀቱ ነው፤ የሚለካውም በሚሊ ሜትር ነው። ከ1 ሚሊ ሜትር በታች እያለ ተቆርጦ ከወጣ ብዙው ሰው ይድናል። ከተሰራጨ በኋላ ያሉት አዳዲስ መድኃኒቶች ዋጋቸው ከአብዛኛው ቤተሰባችን አቅም በላይ ነው። ስለዚህ እኔ የማምነው በእናንተ ዓይን ነው።

ስትነግሯቸው እንዴት ትሉ? ካንሰር የሚለውን ቃል ከአፋችሁ አታውጡ፤ እሱን የሚያውቀው ምርመራው ብቻ ነው። «እህቴ፣ ይቺን ምልክት ታውቂያታለሽ? ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላችሁ ጀምሩ። ካላወቀቻት በስልኳ ፎቶ አንሡላት። ውስጥ እግሯን እሷ ማየት አትችልምና ፎቶው በጣም ይረዳታል። «ለቆዳ ሐኪም አሳዪያት፣ ምንም ላይሆን ይችላል» በሏት። ለታላቅ ሰው ደግሞ በአክብሮት፣ ሌላ ደንበኛ ሳይሰማ ንገሩ። የት እንደሚኬድ ከጠየቋችሁ፣ መጀመሪያ በአቅራቢያቸው ያለ የቆዳ ሐኪም ወይም ጤና ጣቢያ፤ ከዚያ በሪፈር እንደ አለርት ያለ የቆዳ ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል። ፎቶውንና የተነሣበትን ቀን ይዘው ይሂዱ። ተመልሰው ሲመጡ «ሄድሽ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልሄደች ሳትሰለቹ ድገሙላት።

ማጉያ መነጽርና ደርሞስኮፕ ይዤ መጥቻለሁ። ጥያቄያችሁን እየሰማሁ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ጫማውን ያውልቅና ከእናንተው እግር እንጀምር። አመሰግናለሁ።