ብሔራዊ ቡድን ከፋብሪካ ሲወጣ
(ሐዋሳ ላይ በሠራተኛ ሴቶች የመረብ ኳስ ውድድር መክፈቻ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ የየድርጅቱ ኃላፊዎች፣ አሰልጣኞች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማልያ ለብሳችሁ ዳር ላይ ቆማችሁ «ይሄ ሰውዬ ቶሎ በጨረሰልን» የምትሉ እህቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ!

ቶሎ እጨርሳለሁ። ግን አንድ ታሪክ አለኝ። እሱን ሳልናገር ማይኩን አልለቅም።

በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ምን እንደሆነ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቃል። አበበ ቢቂላ የኦሎምፒክ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። ቀኑ ጥቅምት 11 ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 13፣ እዚያው ቶኪዮ ውስጥ ሌላ ነገር ተፈጸመ። እሱን ግን ብዙዎቻችን አልሰማንም። የጃፓን ሴቶች የመረብ ኳስ ብሔራዊ ቡድን ሶቪየት ኅብረትን 3 ለ 0 አሸንፎ ወርቅ ወሰደ። መረብ ኳስ ኦሎምፒክ ውስጥ የገባው ያኔ ነው። የጃፓን ሕዝብ ጨዋታውን በቴሌቪዥን ሲያይ ጎዳናው ጭር ብሎ ነበር ይባላል።

እነዚያ ሴቶች እነማን ነበሩ? ከ12ቱ ተጫዋቾች 10ሩ የአንድ ድርጅት ሠራተኞች ነበሩ። ድርጅቱ ኒቺቦ ይባል ነበር፤ ክርና ጨርቅ ያመርት ነበር። ፋብሪካው ኦሳካ አጠገብ ካይዙካ የምትባል ከተማ ውስጥ ነበር። ቀን ቀን እንደማንኛውም ሠራተኛ ሥራቸውን ይሠራሉ። ከሥራ ሲወጡ ወደ ሜዳ ይገባሉ። ከኦሎምፒኩ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ ሞስኮ ድረስ ሄደው ሶቪየቶችን በገዛ አገራቸው አሸንፈው የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል። እስከዚያ ድረስ የሴቶች የዓለም ዋንጫ ከሶቪየት እጅ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

አሁን ሐዋሳ ሆናችሁ ይህን ስትሰሙ ምን ታሰባችሁ? እኔን የኢንዱስትሪ ፓርካችን ነው የታሰበኝ። በ2008 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ሲጀምር ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከወላይታ፣ ከየአቅጣጫው ወጣት ሴቶች መጥተው ማሽን ላይ ተቀመጡ። ሸሚዝ ይሰፋሉ፣ ጨርቅ ይቆርጣሉ፣ ይተኩሳሉ። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት መካከልም ከዚያ የመጣችሁ አላችሁ። ስለዚህ «ከጨርቅ ፋብሪካ ብሔራዊ ቡድን እንዴት ይወጣል?» ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። ወጥቷል እኮ።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልናገር። የኒቺቦ አሰልጣኝ ሂሮቡሚ ዳይማትሱ ጨካኝ ሰው ነበር። ልምምዱ እኩለ ሌሊት አልፎ ይሄድ ነበር። ተጫዋቾቹ እየወደቁ፣ እየተንከባለሉ ኳስ እንዲያነሱ ያደርጋቸዋል። ተንከባልሎ መነሳቱ ግሩም ዘዴ ነው፣ ዓለም ሁሉ ወርሶታል። ሌሊቱን ሙሉ ሰው ማሰቃየቱ ግን ለእኛ አይሆነንም። ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ የዋለች ልጅ ጉልበቷ ብረት አይደለም። ከእነሱ የምንወስደው አንድ ነገር ነው፦ ልምምድ የማይቀር ሰዓት ነበረው፣ ድርጅቱም ያንን ሰዓት ያውቀዋል።

«ጃፓን ሩቅ ነው» ካላችሁ፣ ቅርብ ልምጣ። ከዚህ በዲላ አድርጎ የሚወርደው አስፋልት ሞያሌ ያደርሳል። ከሞያሌ ማዶ ኬንያ ናት። የኬንያ ሴቶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 ካሜሩን ውስጥ ግብፅን አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ለ10ኛ ጊዜ ወሰደ። ተጫዋቾቹ ከየት ነው የሚመጡት? አንዱ ክለብ የማረሚያ ቤቶች ነው። ሌላው የነዳጅ ቧንቧ ድርጅት ነው። ሦስተኛው የባንክ ነው። ያው መሥሪያ ቤት ነው እንግዲህ! እውነት ለመናገር ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ፣ በ2024 ደግሞ በፓሪስ ኦሎምፒክ ተሳትፋ ከምድቧ አላለፈችም። ግን እዚያ ነበረች። እኛ በቴሌቪዥን ነው ያየነው።

እ.ኤ.አ. በ2025 ታይላንድ ባዘጋጀችው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና የቡድኖቹ ቁጥር ከ24 ወደ 32 አድጓል። ከአፍሪካ ኬንያ፣ ግብፅና ካሜሩን ገቡ። ዋንጫውን ጣሊያን ቱርክን 3 ለ 2 አሸንፋ ወሰደች። በጣሊያን ቡድን ውስጥ ፓኦላ ኤጎኑ አለች፣ ወላጆቿ ናይጄሪያውያን ናቸው። ሚርያም ሲላ አለች፣ ወላጆቿ ከአይቮሪ ኮስት ናቸው። ሁለቱም ጣሊያን ውስጥ ተወልደው እዚያው ሠልጥነው ነው እዚህ የደረሱት። የሚያሳድግ ክለብ አግኝተዋል። የእኛ ልጆች የጎደላቸው እሱ ነው።

ስለ ቁመትም ልናገር፣ ምክንያቱም ልጆቻችንን ከሜዳ የምናባርረው በዚህ ነው። «አጭር ነሽ፣ ቮሊቦል አይሆንሽም።» ማን አለ? የኩባዋ ሚሬያ ሉዊስ ቁመቷ 1 ሜትር ከ75 ገደማ ነበር። በዚህ ጨዋታ ይሄ አጭር ነው። እሷ ግን ስትዘል መረቡ ከታች ይቀራል። ኩባ እ.ኤ.አ. በ1992፣ በ1996 እና በ2000 በተከታታይ የኦሎምፒክ ወርቅ ስትወስድ በሦስቱም ነበረች። መዝለል ለማትወድ ደግሞ ሊቤሮ የሚባል ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የመጣ ነው። ሊቤሮዋ የተለየ ቀለም ማልያ ትለብሳለች፣ መረብ ላይ አትመታም፣ ሥራዋ የመጣባትን ኳስ ማንሳት ነው። እንኳን አጭር መሆን ሊጎዳት፣ ወደ መሬት ቅርብ መሆኗ ይጠቅማታል።

እግረ መንገዴን፦ የሴቶች መረብ ከፍታ 2 ሜትር ከ24 ነው። የወንዶቹ 2 ከ43 ነው። በየሰፈሩ የማየው ግን ሁለት እንጨት ላይ የታሰረ ገመድ ነው፣ ከፍታውም የወንዶቹ ነው። ልጆቹ ሲጫወቱ ይውላሉ፣ አንድም ቀን ከላይ መትተው አያስገቡም፣ ከዚያ «አልችልም» ብለው ይተዉታል። እባካችሁ፣ ሜትር አምጥታችሁ ለኩት። ገንዘብ አያስወጣም።

ወደ ኃላፊዎቹ ልመለስ። አዳራሽ ሥሩ አልልም። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ከሰዓት በኋላ ሰርቭ፣ ማለትም የማስጀመሪያውን ምት፣ ያበላሻል፣ ይሁን፣ ለሁለቱም ቡድን እኩል ነው። የምለምነው ሌላ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለተጫዋቾቹ የማይቀየር ፈረቃ። የጉልበት መከላከያ። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ልምምድ አልቆ ሲመሽ ልጆቹን እስከ ቤታቸው የሚያደርስ ሰርቪስ። በጨለማ ለብቻዋ ወደ ኪራይ ቤቷ የምትሄድ ልጅ ሁለተኛ ቀን ልምምድ አትመጣም። ቤተሰቧም አይፈቅድም። እኔ አባቷ ብሆን እኔም አልፈቅድም።

የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) የሚያዘጋጃቸው የሠራተኞች ስፖርት ውድድሮች ለረጅም ጊዜ ቆይተዋል፣ መረብ ኳስም አለባቸው። ችግሩ ውድድሩ ሲደርስ ቡድን እናሰባስባለን፣ ሲያልቅ እንበትናለን። በዚህ አካሄድ ለብሔራዊ ቡድን የምትበቃ ሴተር አትወጣም። ሴተር ማለት ለአጥቂዎቿ ኳስ የምታመቻች፣ ከእነሱ ጋር ዓመታት ሠርታ፣ ማን ኳሱን ከፍ አድርጎ፣ ማን ዝቅ አድርጎ እንደሚፈልግ የምታውቅ ልጅ ናት። ይህ ደግሞ በሁለት ሳምንት አይመጣም።

ስለዚህ የየድርጅቱ ተወካዮች፣ ከጨዋታው በኋላ ሻይ አለ፣ አትሂዱብኝ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አስቀምጫለሁ። የልምምድ ቀንና ሰዓት፣ የሰርቪሱንም ኃላፊ ስም ጻፉበት። ስልክ ቁጥሩንም ጨምሩ፣ እኔ እደውላለሁ።

እህቶቼ፣ ሜዳው የእናንተ ነው። ዳኛ፣ ጀምር!